ሶላር አጣቢዋ

ጉረኛ ነሽ ይሉኛል። ነኝ። በሙያዬ እጎራለሁ። ጅቡቲ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሰው ቤት ስሠራ፣ ጣቷን ቁም ሳጥን ላይ አሳርፋ አቧራ ያሳየችኝ ማዳም የለችም። ሦስት ቤት ቀያይሬአለሁ፤ አንዱ የፈረንሳዮች፣ ሁለቱ የአገሬው። ከሦስቱም የወጣሁት በገዛ ፈቃዴ ነው። ስወጣ ሦስቱም አልቅሰዋል ብል ማጋነን ይሆናል፤ ሁለቱ ግን አልቅሰዋል።

ይህን ያስቀደምኩት ለመኮፈስ ብቻ አይደለም። ይኸው የምኮራበት እጄ አንድ ጊዜ ጉድ ሊሠራኝ ስለነበር ነው፤ ለእኔ ብቻም ሳይሆን ለሌላውም ሰው።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድሮ ከድንጋይና ከፍየል በቀር ምንም ያልነበረበት ሜዳ ላይ፣ በአጥር የተከለለ የሙከራ ጣቢያ አለ። ግማሹ በረድፍ በረድፍ የቆመ ሶላር ነው፤ ሁለት መቶ ያህል ሰፋፊ መስታወት፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ። የቀረው ግማሽ ቱቦና ጋን የበዛበት ማሽን ነው። ሥራ ልጠይቅ የሄድኩ ቀን የጽዳት ኃላፊ ይፈልጉ ኖሯል። ኢንጂነሩ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣

"ምን ትችያለሽ?" አለኝ።

"ማጽዳት።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምን ያስፈልግዎታል?"

ሳቀ። ተቀጠርኩ።

ኢንጂነሩ የአገሩ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ችኩል፣ ሲናገር ፈረንሳይኛውን ከሶማልኛው የሚቀላቅል። በዕድሜ ከእኔ ቢያንስም፣ በፈረንሳይኛው ወግ ሙሴ፣ ጌታው ማለት ነው፣ እያልኩ አንቱ ነበር የምለው። እሱ ደግሞ አባዮ ይለኛል፤ በሶማልኛ እህቴ እንደማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ማሽኑ ምን እንደሚሠራ እንዲያስረዳኝ ያዝኩት። እኔ የማላውቀውን ነገር አላጸዳም።

"ፀሐይ ኤሌክትሪክ ትሰጠናለች" አለኝ፣ በእጁ እያሳየ። "ኤሌክትሪኩ የተጣራ ውሃ ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅኑን ከፋብሪካ ጭስ ተይዞ በሲሊንደር ከሚመጣልን ካርቦን ጋር እናዋህደዋለን። ፈሳሽ ነዳጅ ይሆናል። ጀልባ ያስነሣል፣ ጄኔሬተር ያስነሣል።"

"ሲነድስ ጭሱ?"

"ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ቀድሞም ወደ ሰማይ ሊሄድ የነበረው ነው። ከመሬት ሥር አዲስ አናወጣም። ይህ አገር፣ አባዮ፣ ነዳጁን በመርከብ ያስመጣል፣ መብራቱን ከእናንተ ወንዝ ይገዛል። የራሱ የሆነ ነገር ቢኖረው ፀሐይና ነፋስ ነው።"

የእኛ ወንዝ ባይኖርማ በነሐሴ ትቀቀሉ ነበር አልኩ በሆዴ። ግን ነገሩ ገባኝ፤ ወደድኩትም። ከፀሐይ ነዳጅ የሚጨምቅ ቦታ ላይ ኃላፊ ሆኜ መሥራቴ ራሱ አንገቴን ቀና አደረገው። የመጀመሪያ ወር ደመወዜን እንደተቀበልኩ ካርቲየ ስድስት የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ።

ሰው ቤት ሠርቶ የማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። እዚያው እየኖሩ ሲሠሩ እንቅልፍም የራስ አይደለም። ሕፃኑ ካለቀሰ ትነሻለሽ፤ እንግዳ ከመጣ ትነሻለሽ፤ ማዳም ራሷን ካመማትም ትነሻለሽ። በገዛ ክፍሌ ውስጥ በዋልኩበት በመጀመሪያው አርብ እስከ ረፋድ ድረስ ተኛሁ። ማንም አልጠራኝም። ነቅቼ፣ ጣሪያውን እያየሁ፣ ማንም ሳይጠራኝ ብዙ ጊዜ ቆየሁ። ያን ቀን ያለቀስኩትን ለቅሶ ለማንም አልነገርኩም።

ኮንትራቴ ግን የስድስት ወር ነበር፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ። የጣቢያውም ዕድሜ እንደዚያው። ገንዘቡን ያወጡት ሰዎች በሐምሌ መጨረሻ መጥተው ያያሉ። ማሽኑ ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ ከፀሐይ በቀር ከማንም ኤሌክትሪክ ሳይበደር፣ አንድ በርሜል ነዳጅ ከሞላ ሥራው ይቀጥላል። ካልሞላ ሁሉም ተነቅሎ ይሄዳል። እኔም ክፍሌን ለቅቄ፣ ሻንጣዬን ይዤ፣ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ እንደገና የሰው በር አንኳኳለሁ። 

ስለ እጥበቱ አንድ ወረቀት ተሰጥቶኝ ነበር። ሶላሩ በሳምንት አንድ ቀን፣ በማለዳ፣ ገና መስታወቱ ሳይግል ይታጠብና ወዲያው በጎማ መጥረጊያ ይደርቃል ይላል። እስከ ግንቦት ድረስ ቃሉን ጠብቄ ሠራሁ። ከሥሬ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ የአገሬ ልጅ፣ ሁለቱ የጅቡቲ። ሶላሩ የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ የሚለካው ቆጣሪ ቁጥሩ ጥሩ ነበር፤ ኢንጂነሩም እያፏጨ ይሠራ ነበር።

ሰኔ ሲገባ ኻምሲን መጣ። ከምዕራብ የሚነፍስ የጋለ ነፋስ ነው፤ አፈር ተሸክሞ ይመጣና ጥርስ ሥር ድረስ ይገባል። ጠዋት ያብረቀረቀው ሶላር ቀትር ላይ ቡናማ ይሆናል። ቁጥሩ ወረደ። ኢንጂነሩ፣ "አቧራው ነው" አለ። አቧራ ከሆነማ የእኔ ጉዳይ ነው ብዬ ቀሚሴን ሰበሰብኩ።

ማንንም ሳልጠይቅ እጥበቱን በየቀኑ አደረግሁት። አልበቃኝም፤ በቀን ሁለቴ አደረግሁት፤ አንዴ በማለዳ፣ አንዴ በቀትር። ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ከተማው ገብቶ ወንዱ ሁሉ ጥላ ጥላውን ሲይዝ፣ እኛ አራት ሴቶች ራሳችንን ተጠቅልለን፣ የውሃ ጎማ እየጎተትን፣ ረድፍ ለረድፍ እንሄዳለን። ማድረቁ ጊዜ ስለሚፈጅ ተውነው። ፀሐይዋ ራሷ ታደርቅልናለች። ውሃው መስታወቱን ሲነካው ጭስ ብሎ በዓይናችን ፊት ይደርቅ ነበር። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር!

ቁጥሩ ግን ይወርዳል። እሱ ሲወርድ እኛ እናጥባለን፤ እኛ ስናጥብ እሱ ይወርዳል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚሉት ይህን ነው። ኢንጂነሩ ደግሞ አቧራ አለመሆኑን በእኛ እጥበት ተማምኖ፣ ጥፋቱ ከሽቦው ነው ብሎ ሽቦ መፍታት ጀመረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈታ፣ መልሶ አሰረ። የሶላሩን ኃይል የሚቀይረውን ሣጥን አስለወጠ። ጢሙ አደገ፤ አንዱን ሸሚዝ ሁለት ቀን መልበስ ጀመረ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አያመልጠኝም።

አንድ ቀን ምሳው ላይ እንደተቀመጠ፣ "አባዮ፣ አንቺ ባትኖሪ ከዚህም ይብስ ነበር" አለኝ። አመስግኖኝ ነው። ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ። ዛሬ ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ሙከራው እሑድ ሊጀምር፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው ነገሩን ያገኘሁት። መጨረሻው ረድፍ ላይ አንድ ጨርቅ ረስተን ስለነበር ለማውረድ መሰላል ላይ ወጣሁ። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሶላሩ ስለሚያንጸባርቅ ዓይን ያጭበረብራል። ከላይ ሆኜ፣ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ መስታወቱን በአግድም አየሁት። ቡናማ አልነበረም። ነጭ ነበር። ጭጋግ የመሰለ ነጭ። ጣቴን አሳለፍኩበት፤ ሻከረኝ። ጣቴን ላስኩት። ጨው።

ባለሁበት ደረቅሁ። የጅቡቲን የቧንቧ ውሃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጨውና ኖራ የበዛበት ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ቅርፊት ይሠራል፣ የሻወር ቀዳዳ ይደፍናል። በማለዳ አጥቦ ወዲያው የሚጠርገው ሰው ጨውን ከውሃው ጋር አብሮ ይጠርገዋል። የጋለ መስታወት ላይ ረጭቶ ፀሐይ እንዲያደርቀው የሚተው ሰው ግን ጨው እየቀባ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሳንሰንፍ፣ አንድም ጥግ ሳናስቀር፣ ሁለት መቶውን ሶላር ጨው ስንቀባ ከርመናል።

ይህን ደግሞ እኔ ነበርኩ ማወቅ የነበረብኝ። ጅቡቲ በገባሁ በመጀመሪያው ወር፣ የማዳምን መስኮት በቧንቧ ውሃ ላጥብ ስል፣ ጎረቤት የሚሠሩ፣ ዛሬም እትዬ የምላቸው ትልቅ ሴት በአጥር በኩል ጮኹብኝ።

"አንቺ አዲሷ! መስታወት በቧንቧ ውሃ ይታጠባል እንዴ? በክሊም ውሃ ነው እንጂ!"

ክሊም የሚሉት እዚህ ኤሲውን ነው። ኤሲው ከውጭ በኩል ሲንጠባጠብ የሚውለው ውሃ ከአየሩ የተጨመቀ ስለሆነ ጨው የሚባል የለበትም። እዚህ ሰው ቤት የምትሠራ ሐበሻ ሁሉ ከክሊሙ ቱቦ ሥር የምታኖረው ጀሪካን አላት። ለካውያው ያ ነው፣ ለመስታወቱ ያ ነው፣ ፀጉሯ ለተሰባበረባትም ያ ነው። ማዳም ሳታይብኝ ያን ቀን እትዬ አዳኑኝ፤ ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት አንዲት ብርጭቆ እንኳ በቧንቧ ውሃ አጥቤ ሳልወለውል አልተውኩም።

ታዲያ እንዴት ረሳሁት? አልረሳሁትም። ሶላር መስታወት መሆኑን አላሰብኩም። ሶላር ለእኔ የኢንጂነርና የመንግሥት ነገር ነበር፣ የተማረ ሰው ነገር። የሰው ቤት እውቀት እንዲህ ላለ ቦታ አይመጥንም ብዬ፣ በር ላይ ጥዬው ነበር የገባሁት። የጎዳኝ ኩራቴ ነው ልል ነበር፤ አይደለም። የጎዳኝ ኩራቴን በር ላይ መተዌ ነው።

መሰላሉ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አሰብኩ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ሙከራው ይከሽፋል፣ ሽቦው ይወቀሳል፣ እኔም የድካሜን አመስግነው ይሸኙኛል። ብናገር ደግሞ ዛሬውኑ ያባርሩኛል። በሁለቱም በኩል መመለሻዬ ሰው ቤት ነው። ግን አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ነው፤ ዝምታዬ በርሜሉን አይሞላውም። ደግሞ ያ ሰው ሸሚዙን ሁለት ቀን እየለበሰ ነው።

ኢንጂነሩ ማሽን ክፍሉ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሽቦ ዘርግቶ ነበር።

"ሙሴ፣ ሽቦውን ይተዉት።"

"ምን ሆነ?"

"ሽቦው ጤነኛ ነው። ሶላሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ቀና አለ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ቀትሩን፣ ጎማውን፣ ጨውን። አንድም አላስቀረሁም።

"በቀን ሁለቴ?" አለ ቀስ ብሎ። "ወረቀቱ በሳምንት አንዴ ነው የሚለው።"

"ነው የሚለው።"

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም።"

"ሦስት ሳምንት!" ብሎ ተነሣ። "ዋላሂ፣ ሦስት ሳምንት ሽቦ ስፈታ!" ወጣና አንድ ባዶ ቆርቆሮ በእርግጫ ጠለዘው። ቆርቆሮው እየተንከባለለ አጥሩ ሥር ደረሰ።  ቁጣው እስኪበርድለት ጠበቅሁና፣

"ከማባረርዎ በፊት አንድ ሶላር ይስጡኝ" አልኩት። "አንድ ብቻ። ከማሽኑ ከተጣራው ውሃም አንድ ጠርሙስ።"

ሰጠኝ። ከወጥ ቤቱ አቼቶ አመጣሁ፤ በብዙ ውሃ አቅጥኜ፣ በለስላሳ ጨርቅ፣ ልክ የማዳምን መስኮት እንደማጥበው አድርጌ ያዝኩት። አቼቶው መስታወቱን እንጂ ፍሬሙን እንዳይነካ ተጠነቀቅሁ። በተጣራው ውሃ አለቀለቅሁ፣ በጎማ ጠረግሁ። ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ የራሴን ፊት አየሁበት። ኢንጂነሩ መለኪያውን አምጥቶ የታጠበውንና ያልታጠበውን ለካ። እንደገና ለካ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን በእጆቹ ያዘና ሳቀ፤ ከቁጣው ይልቅ ሳቁ አስፈራኝ።

"ቁጥሩ ተመለሰ" አለ። "ግን አባዮ፣ ሁለት መቶ ሶላር ነው። ቢያንስ አራት መቶ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። የማሽኑ ማጣሪያ ለማሽኑ ራሱ አይበቃም። ገበያ ያለው ደግሞ ለባትሪ የሚሆን ትንንሽ ጠርሙስ ነው። እሑድ ደግሞ ይጀመራል።"

"እስከ አርብ ጊዜ ይስጡኝ" አልኩ።

መጀመሪያ የደወልኩት ያኔ በአጥር ለጮኹብኝ ለእትዬ ነው። ዛሬም ያው ቤት ናቸው።

"እትዬ፣ የክሊም ውሃ እፈልጋለሁ።"

"ስንት ሊትር?"

"ያለዎትን ሁሉ። የጓደኞችዎንም ሁሉ።"

"ለምንሽ ነው?"

"ነዳጅ ልንሠራ።"

 "አንቺ፣ ፀሐይ መታሽ እንዴ?" አሉኝ። ካስረዳኋቸው በኋላ ግን፣ "እንግዲህ ሥራሽን ከሚወስዱብሽ ውሃችንን ውሰጂ" ብለው ዘጉት። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጅቡቲ ያለች ሐበሻ ሠራተኛ ሁሉ ወሬውን ሰምታ ነበር። የእኛ ሴቶች ስልክ ከሬዲዮ ይፈጥናል።

አርብ የሁላችንም የዕረፍት ቀን ነው። ካርቲየ ሁለት ውስጥ አንድ ሱቅ ጥግ ላይ ተቀጣጠርን፤ ኢንጂነሩም ፒክአፑን ይዞ መጣ። አንዷ በታክሲ፣ አንዷ በአውቶቡስ፣ አንዷ ጀሪካኑን ተሸክማ እያላበች መጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ፤ አባባሉን ስሰማ አድጌአለሁ፣ ሲሆን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ጀሪካኑን ሁሉ እየከፈትኩ አሸተትኩ። ዘይት የነበረበትን ሁለት ጀሪካን መለስኩ።

"እንዴ! በነጻ አምጥተንልሽ ደግሞ ታማርጫለሽ?" አለችኝ የጀሪካኑ ባለቤት።

"ዘይት የነካው ውሃ መስታወት ያደበዝዛል፣ እህቴ። ታውቂዋለሽ።"

ታውቀዋለች። እያጉረመረመች አጥባ፣ ከሌሎቹ እየቀነሰች ሞላችው። ከካርቲየ ሰባት የመጣችው ልጅ ደግሞ ሦስት ጀሪካን ብቻዋን ይዛ መጣች። አሠሪዎቿ ዘመድ ጥየቃ ወጥተው ስለነበር ባዶ ቤት ውስጥ ክሊሙን ከፍታ ነው የዋለችው። ኢንጂነሩ ይህን ሲሰማ በሶማልኛ፣ "ካርቦን ለመቀነስ ኤሌክትሪክ ታባክኛለሽ?" አላት። እሷም በዚያው በሶማልኛ፣ "መብራቱ ከአገሬ ወንዝ ነው የመጣው፣ አያጨስም" አለችው። ሴቶቹ ሰፈሩን በእልልታ አናጉት።

ሃያ አምስት ጀሪካን ጭነን ሄድን።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ጀመርን። ከእኔና ከሦስቱ ሴቶች ሌላ እትዬም ከማዳማቸው አስፈቅደው መጥተው ነበር። አቼቶ፣ ጨርቅ፣ የክሊም ውሃ፣ ጎማ። አንዲት ጠብታ ቆማ እንድትደርቅ አልፈቀድኩም። ኢንጂነሩም እጅጌውን ሰብስቦ ገባ፤ እጁ የጽዳት ሥራ አያውቅም፣ ጥጉን ይረሳል። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ከፀሐይዋ ጋር እየተሽቀዳደምን እስከ ሦስት ሰዓት አጠብን፤ ሲግል አቁመን፣ አመሻሽ ላይ ሲበርድ ጨረስነው።

ማለዳ ላይ በአጥሩ በኩል ሰባት የአገሬ ልጆች በእግራቸው ሲያልፉ አይቼ ነበር፤ በኦቦክ ወደብ አድርገው የመን ሊሻገሩ የሚሄዱ ናቸው፤ ከአኳኋናቸው ያስታውቃሉ። አንደኛው ቆሞ፣ "እህቴ፣ ምን እያጠብሽ ነው?" አለኝ።

"ሶላር ነው። ከፀሐይ ነዳጅ እንሠራለን።"

"ፀሐይማ እኛም አገር አለች" አለ፤ ቀልዱም እውነቱም አብሮ ነበረበት። የሚጠጣ ውሃ ሰጠኋቸው፤ ጠጥተው ሄዱ። ያን ቀን የከፋኝ የእነሱ መንገድ ብቻ ነው።

እሑድ ሙከራው ተጀመረ። ቁጥሩ የየካቲቱን አከለ። ሰኞ በርሜሉ ውስጥ ድምፅ ይሰማ ነበር፣ ማክሰኞ ሲያንኳኩት ድምፁ ወፈረ። ነፋሱ ሲነሣ በማለዳ ብቻ፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን እናወርዳለን፤ ውሃ የሚባል የለም። ረቡዕ ላይ ኢንጂነሩ ወደ ቢሮው ጠራኝ። ለእንግዶቹ የሚቀርበውን ሪፖርት እየጻፈ ነበር።

"ቁጥሩ ለምን ወርዶ እንደነበር መጻፍ አለብኝ" አለ። "አቧራ ብዬ ማለፍ እችላለሁ። ውሸት አይደለም፣ አቧራም ነበር። እውነቱን ከጻፍኩት ግን ያዘዘውን ሰው ይጠይቃሉ። ሊያሰናብቱሽ ይችላሉ።"

ፈተነኝ። ክፍሌ ትዝ አለችኝ፤ አርብ ረፋዱ ትዝ አለኝ።  ከዚያ፣

"ነገ ይህ ነገር ታጁራም ኦቦክም ይተከላል አይደል?" አልኩት።

"ከተሳካ፣ አዎ።"

"እዚያም እንደ እኔ ያለች አንዲት ሴት ጎማዋን ይዛ ትመጣለች። ጎበዝ ከሆነች ደግሞ በቀን ሦስቴ ታጥበዋለች። አቧራ ብለው ከጻፉ ማን ይነግራታል? እውነቱን ይጻፉት፣ ሙሴ።"

ጻፈው።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ፤ ስድስት ናቸው፣ አለቃቸው ፀጉራቸው የሸበተ ቆፍጣና ሴትዮ። በርሜሉ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሞልቶ ነበር። ኢንጂነሩ ከበርሜሉ ቀድቶ በብርጭቆ አሳያቸው፤ እንደ ውሃ የጠራ ነው። ከዚያ ጄኔሬተሩ ውስጥ ጨምረው አስነሡት። ያ ጄኔሬተር ድሮ ሲነሣ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ያሰጣነውን ልብስ ያበላሽብን ነበር። አሁን ጉሮሮውን ጠረገና ሄደ፤ ከጭስ ማውጫው አየሩ ሲርገበገብ ይታያል እንጂ ጥላሸት የለም። ሴቶቹ እጄን ያዙኝ። ኮራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን የለም፤ ያጸዳሁት ነገር ሞተር ሲያስነሣ አይቼ አላውቅማ።

ከዚያ ሁላችንም ዳስ ሥር ተቀመጥን፤ ሴትዮዋ ሪፖርቱን ገጽ በገጽ ማንበብ ጀመሩ። እኔ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሃል ነበርኩ። አንዱ ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ከመመሪያው ውጭ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲታጠብ ያዘዘው ማነው?"

ኢንጂነሩ አፉን ሲከፍት ቀድሜው እጄን አወጣሁ። ጭንቅላት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። 

"እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ።"

"ኮንትራትዎ መቼ ነው የሚያልቀው?"

"በዚህ ወር መጨረሻ።"

ወረቀታቸው ጠርዝ ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ አላየሁም። አጠገቤ ያለችው ልጅ ቀሚሴን ጨብጣ ያዘችኝ። ሴትዮዋ ገጹን ገልጠው ዝቅ ብለው አነበቡ፣ እንደገና ቀና አሉ።

"ምክንያቱን ያገኘውስ? ውሃውንስ ያስመጣው ማነው?"

እጄን ገና አላወረድኩትም ነበር።

መጀመሪያ ያየው ኢንጂነሩ ነው። ፈገግታውን መያዝ አቃተው፤ "ማዳም፣ ያችው እጅ ናት" አለ። ሴትዮዋ እጄን አዩ፣ ወረቀቱን አዩ፣ እንደገና እጄን አዩ። ቅድም የጻፉትን ሰረዙ፣ ብዕራቸው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ከኋላ ድረስ ተሰማ። ወደ ኢንጂነሩ ዞር ብለው፣ "የሁለት ዓመት ኮንትራት ያዘጋጁላቸው፤ መመሪያውንም እሳቸው እንደገና ያስጽፉት" አሉ። ሴቶቹ አጨበጨቡ፤ እትዬ ቢኖሩ ብዬ አሰብኩ፣ ለካ አጥሩ ጋ ቆመው ያያሉ።

እኔ ግን ሦስተኛ ጥያቄ ይኖራቸው ይሆናል ብዬ፣ እጄን እንዳነሣሁ ቆየሁ።